የሥነ ልቦና ሕክምና ከመጀመራችን በፊት ምን እንጠይቅ?

በሐዋሳ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለመሄድ የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የት ነው፣ ስንት ያስከፍላል፣ ምሥጢር ይጠብቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «የሚሰጡት ሕክምና ምን ዓይነት ነው? ለእኔ ችግርስ ይሆናል ወይ?» የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የሥነ ልቦና ሕክምና ሲባል ተቀምጦ የሆድን መናገርና ምክር ተቀብሎ መመለስ ብቻ ይመስለናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማስረዳት የምፈልገው የሕክምናው ዓይነቶች በእጅጉ እንደሚለያዩ፣ ይሁንና ልዩነቱ ለሁሉም ሕመም እኩል ክብደት እንደሌለው ነው። ለአንዳንዱ ሕመም የሕክምናው ዓይነት ወሳኝ ነው፤ የማይስማማውን መምረጥ ጊዜና ገንዘብ ከማባከን አልፎ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ለሌላው ደግሞ ከዓይነቱ ይልቅ ከባለሙያው ጋር መግባባትና ሕክምናውን በትጋት መከታተል ይበልጣል።

እኔ የባዮሎጂ መምህር እንጂ የዘርፉ ባለሙያ አይደለሁም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ታናሽ እህቴ በታመመች ጊዜ አብሬያት መመላለሴ፣ ከዚያም በኋላ ሳነብና ባለሙያዎችን ስጠይቅ መቆየቴ ነው። የእርሷን ታሪክ የማነሣው በፈቃዷ ሲሆን ረቂቁንም አንብባ አርማዋለች።

አስቀድሞ ማን ምን እንደሚሠራ መለየት ይገባል። እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ስለሚባል ልዩነቱ ይጠፋብናል። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒትም ያዛል። ይህ የስፔሻሊቲ ትምህርት በአገር ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነና እስከዚያ ድረስ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በውጭ አገር የተማሩ ስለነበሩ፣ ዛሬም በክልል ከተሞች አብዛኛውን ሸክም የሚሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ የሚያክመው በንግግርና በልምምድ ነው። ነገር ግን በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሁሉ ሕክምና ለመስጠት ሠልጥኗል ማለት ስላልሆነ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ መማሩንና ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራቱን መጠየቅ ነውር የለበትም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ወይም ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱና ንግግሩ ከልክ ያለፈ ሰው ግን የሕክምና ዓይነት ሲያማርጥ መቆየት የለበትም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። በከተማችን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የእንቅርት ሆርሞን መዛባትና የደም ማነስም ጭንቀትንና ድካምን ሊመስሉ ስለሚችሉ ቀላል የደም ምርመራ አስቀድሞ ማድረጉ አይከፋም።

አሁን የሕክምናው ዓይነት ወሳኝ ወደሚሆንበት ልግባ። እህቴ የታመመችው ባለሙያዎች ኦሲዲ የሚሉትን ሕመም ነው። ጸሎት ስትጀምር ክፉ ሐሳብ ይመጣባታል፤ ጸሎቴ ረክሷል ብላ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች፤ እንደገና ይመጣባታል፣ እንደገና ትደግማለች። ቁርስ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሄዶ ያልቃል፣ እርሷ ግን ገና ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ እንደቆመች ናት። ከዚያም መታጠብ ተጨመረ። የሰው እጅ የነካውን ሁሉ ከነካች እስከ ክርኗ ስለምትታጠብ የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር፤ እናታችንም ሳሙናውን ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ መቆለፍ ደርሳ ነበር።

በመጀመሪያ የሄደችው አንድ የምክር አገልግሎት መስጫ ነበር። አማካሪዋ ደግና ትዕግሥተኛ ሴት ነበሩ፤ እህቴ የምትለውን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፤ እነዚህ ሐሳቦች ያንቺ አይደሉም፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል» ይሏታል። እህቴ ከዚያ ስትወጣ ፊቷ ይበራ ነበር። ባጃጃችን ገና አቶቴ ሳይደርስ ግን «ሁሉንም በደንብ ነግሬያቸዋለሁ? አንዱን ሐሳብ ደብቄባቸው ቢሆንስ? ያልነገርኳቸውን ስላላወቁ ይሆናል ጥሩ ነሽ ያሉኝ» ማለት ትጀምራለች፤ ቤት ሳንገባ ትደውልላቸዋለች። ይህ ለወራት ቀጠለ፤ ቀጠሮው በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዋም በዛ።

እዚህ ላይ አማካሪዋ ክፉ ነገር ተናገሩ ማለት አይደለም፤ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። የኦሲዲ አሠራር ግን እንዲህ ነው፤ አስጨናቂ ሐሳብ ይመጣል፣ ሰውየው ጭንቀቱን የሚያበርድ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ጭንቀቱም ለጊዜው ይበርዳል፣ አእምሮም «የዳንኩት ያን በማድረጌ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ ያንኑ ድርጊት አጥብቆ ይጠይቃል። ለአንዱ ማብረጃው መታጠብ ነው፣ ለሌላው በሩ መቆለፉን ደጋግሞ ማየት ነው፣ ለሌላው ደግሞ «ደህና ነኝ አይደል?» ብሎ ማረጋገጫ መቀበል ነው። በዚህም ምክንያት ለሌላ ሰው መጽናኛ የሚሆነው ምክር ለኦሲዲ ሕመምተኛ ከሳሙናው የተለየ ሥራ አይሠራም።

ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ሕክምና መጋፈጥንና ምላሽን መከልከልን ያጣመረ ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቪክቶር ማየር እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለት ሕመምተኞች ላይ ያገኘውን ውጤት ካሳተመ በኋላ ዘዴው ብዙ ተፈትኖ፣ ዛሬ ለኦሲዲ ከሚሰጡት የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ሁሉ ቀዳሚው ሆኗል። ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በፈቃዱ ይቀርበዋል፤ ከዚያ በኋላ የለመደውን ማብረጃ አያደርግም፤ ከጭንቀቱ ጋር ይቀመጣል። እህቴ በኋላ ያገኘቻት ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ስለ ልጅነቷ ብዙም ሳትጠይቃት የሚያስፈሯትን ነገሮች ሁሉ አጽፋ ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ አሰጠቻት። የባጃጅ መያዣ ብረት ጨብጦ ሳይታጠቡ መቆየት ሠላሳ ነበር። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል ሄዶ እንደ ማንኛውም ሰው እጅን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ከሌሎች ጋር ከአንድ ሳህን ዓሣ መብላት ሰማንያ ነበር። ክፉ ሐሳብ እየመጣም ቢሆን ጸሎቱን ሳይደግሙ መጨረስ መቶ ነበር። ከታች ወደ ላይ ወጣችው። ዓሣ የበላን ቀን አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የመጀመሪያውን ጉርሻም ለረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች። ባለሙያዋ አስቀድማ እንዳስጠነቀቀችን አንዳችንም «አይዞሽ፣ ምንም አይልሽም» አላልንም፤ ማለት ክልክል ነበር።

ከሁሉ የከበደው ለእናታችን ነበር። እህቴ «እማዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው አይደል?» ስትላት «ይህን ጥያቄ ላልመልስልሽ ተስማምተናል ልጄ» ብላ ወደ ማድ ቤት ትገባለች፤ በሩን ዘግታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። የንስሐ አባታችን ደግሞ ከጠበቅነው በላይ ረድተውናል። ያንኑ ሐሳብ በየሳምንቱ እየመጣች ትናዘዝላቸው ስለነበር፣ ከባለሙያዋ ጋር በስልክ ከተነጋገሩ በኋላ «ይህን አንድ ጊዜ ነግረሽኛል፤ ተፈቷል። ከእንግዲህ ስለዚሁ አልሰማሽም» አሏት። የሃይማኖት አባት በሕክምናው ውስጥ ሊገባ የሚችለው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሕክምናው ጎን ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ ይህና መሰሎቹ ለኦሲዲ የታወቁ መድኃኒቶች ሲሆኑ ለሕመሙ የሚታዘዘው መጠን ብዙ ጊዜ ለድባቴ (ዲፕሬሽን) ከሚታዘዘው ከፍ ይላል።

ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ያለበት ሰውም ከኦሲዲው ጋር ይቀራረባል። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ልሞት ነው ይላል፤ የልብ ምርመራ ያደርጋል፣ ምንም አይገኝም፤ ከዚያ በኋላ ያ ስሜት የመጣበትን ቦታ ሁሉ መሸሽ ይጀምራል። የሚረዳው ሕክምና የፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ እንዲያመጣው ያደርገዋል፤ ለምሳሌ ባለሙያው ክፍል ውስጥ በወንበር ላይ ያሽከረክረዋል፣ ወይም ደረጃ እየሮጠ እንዲወጣና ልቡ ሲመታ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። ከፍታን፣ መርፌን ወይም ውሻን ለሚፈራ ሰውም መንገዱ ያው መጋፈጥ ነው። ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ያለበት ሰው ባለሙያውን «የምፈራውን ነገር እንድጋፈጥ ያደርጉኛል ወይስ ስለ እርሱ እንነጋገራለን ብቻ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ «እንነጋገራለን» ከሆነ ሌላ ባለሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከከባድ አደጋ፣ ከጥቃት ወይም ከጦርነት በኋላ የሚመጣው ሕመምም ዓይነት ይመርጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም በስም የጠቀሳቸው በአሰቃቂው ትዝታ ላይ ያተኮረ ሲቢቲ፣ ማለትም የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና፣ እና ኢኤምዲአር የሚባለው ናቸው። ኢኤምዲአር አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣችው ሲሆን፣ ሕመምተኛው ትዝታውን በአእምሮው እንደያዘ ዓይኑን የባለሙያውን ጣት ተከትሎ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳል። የዓይኑ እንቅስቃሴ በእርግጥ ድርሻ አለው ወይስ ፈውሱ ትዝታውን ከመጋፈጥ የመጣ ነው በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሕክምናው መጥቀሙን ግን ብዙዎቹ ይቀበሉታል። አንድ ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ፤ አደጋው በደረሰ ሰሞን ሰውየውን «ሁሉንም ንገረንና ይውጣልህ» ብሎ ዝርዝሩን እንዲተርክ ማስገደድ አይመከርም። በቅርብ ሆኖ ማስተኛት፣ ማብላት፣ ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘትና መናገር ሲፈልግ መስማት ይሻላል። ለአዋቂዎችም ቢሆን በመጀመሪያው ወር ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒትና መሰሎቹን ለአደጋው ድንጋጤ ብሎ መስጠትን ያው መመሪያ አይደግፍም።

ድባቴ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። በዚህ ሕመም ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄዱ ንጽጽሮች የሚያሳዩት በሚገባ የተሰጡ የተለያዩ ሕክምናዎች ውጤት እጅግም እንደማይራራቅ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ችግሩ በየትኛው በር እንደገባና ሕመምተኛው ምን ዓይነት ሥራ ለመሥራት እንደሚፈቅድ በማየት ነው። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ሲቢቲ ሐሳብን ይመረምራል፤ «ስልኬን አላነሣችም፤ ስለዚህ ንቃኛለች» የሚለውን ፍርድ ሕመምተኛው በወረቀት ጽፎ፣ ማስረጃውን መዝኖ፣ ሌላ ሊሆን የሚችለውን ያስቀምጣል። የቤት ሥራ አለው፤ የቤት ሥራውን የማይሠራ ሰው ብዙም አያተርፍም። ከእርሱ የሚቀለውና ስለ ሐሳብ ብዙም የማይጨነቀው መንገድ ሰውየው የተዋቸውን ነገሮች በሰዓት መድቦ እንዲመልሳቸው ያደርጋል፤ ደስ ቢለውም ባይለውም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ይሄዳል፣ ቅዳሜ አክስቱን ይጠይቃል፤ ስሜቱ ድርጊቱን ይከተላል እንጂ አይቀድምም። ማንበብና መጻፍ ለማይቀናቸው ሰዎች ይህ የተሻለ ይመስለኛል።

ሦስተኛው በር የሰው ግንኙነት ነው። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የነበረች አንዲት ልጅ ከወላይታ ገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራ ነበር። እንቅልፍ አጣች፣ እንጀራ አስጠላት፣ በፈረቃዋ መካከል እንባዋ ይመጣ ጀመር። አስተሳሰቧ ብዙም የተዛባ አልነበረም፤ የተለወጠው ኑሮዋ ነው። እናቷን፣ ጓደኞቿንና ቋንቋዋን በአንድ ጊዜ ትታ በማታውቀው ከተማ ከማታውቃቸው ሦስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ትኖር ነበር። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጡት አይፒቲ የተባለው ሕክምና ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ድባቴውን ከአራት ነገሮች በአንዱ ያያይዘዋል፤ ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥ ወይም ከብቸኝነት። ከዚያም በዚያ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ይህንኑ በምሥራቅ አፍሪካ በኡጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ ፈትኖት ነበር። ሕክምናውን የሰጡት የአእምሮ ሕክምና ያልተማሩ ግን አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች ሲሆኑ፣ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ እየተሰበሰቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ16 ሳምንታት ተካሂዷል፤ ከተካፈሉትም አብዛኞቹ ድባቴያቸው ጉልህ በሆነ መጠን ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የቡድን ሕክምናውን በስምንት ስብሰባ አሳጥሮ ማሠልጠኛ አድርጎ አውጥቶታል። ለቡና መሰብሰብና በዕድር መጽናናት ለለመደ ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ሕክምና መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ በከተማችን ቢስፋፋ ደስታዬ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ስሜቱ በድንገት የሚገነፍልና ራሱን የሚቆርጥ ወይም የሚያቆስል ሰው አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊነሃን ያወጣችውንና ስሜትን መቆጣጠር የሚያስተምረውን ዲቢቲ የተባለ ሕክምና ቢያገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙሉው ዲቢቲ የግል ቀጠሮን፣ የክህሎት ቡድንንና በመካከሉ የስልክ ድጋፍን ያካተተ ስለሆነ «ዲቢቲ እንሰጣለን» የሚል ሁሉ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚሰጥ ይጠየቅ። ከፍሮይድ የመጣውና ያለፈን ሕይወት የሚመረምረው ሕክምና ደግሞ አንድ ዓይነት ግንኙነት ደጋግሞ ለሚፈርስበትና ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜም ገንዘብም ላለው ሰው ይሆናል። ባልና ሚስት አብረው የሚገቡበት ሕክምና ከሽማግሌ ጉባኤ የሚለየው ባለሙያው ጥፋተኛውን ስለማይፈርድ ነው፤ ለመፈረድ የመጣ ሰው በዚህ ቅር ይለዋል። ድብደባ ባለበት ቤት ውስጥ ግን ባልና ሚስትን አንድ ላይ ማስቀመጥ ለተደብዳቢዋ አደጋ አለው፤ እርሷ ለብቻዋ ትታይ።

ገንዘብ ወይም ጊዜ የሚያጥረው ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢናገር ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም በአጭር ጊዜ እንዲያልቁ ተደርገው የተዘጋጁ ሕክምናዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፒኤም ፕላስ የሚባለው በአምስት ቀጠሮ ያልቃል፤ ጭንቀትን መቆጣጠርን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተተወን ተግባር መመለስንና የሰው ድጋፍ መፈለግን ያስተምራል። የትራንስፖርት ወጪ ለሚያስቸግረው ደግሞ ሲቢቲን በቪዲዮ መከታተል ይቻላል፤ ለድባቴና ለጭንቀት በአካል ከሚሰጠው ብዙም እንደማያንስ በጥናት ታይቷል። የሚያስቸግረው ቤት ውስጥ ሰው የማይሰማበት ቦታ ማግኘት ነው። አንድ የማውቀው ሰው የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይከታተል ነበር።

ሐዋሳ ላይ በተለይ መታሰብ ያለበት ቋንቋ ነው። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛና ሌሎችም በሚነገሩበት ከተማ ሕመምተኛው ሥራውን በአማርኛ እያከናወነ ሐዘኑን ግን በእናቱ ቋንቋ ሊያዝን ይችላል። የሚቆጣበትንና የሚያለቅስበትን ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ካለ፣ በዲግሪ ትንሽ ዝቅ ቢልም እንኳ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ምሥጢርን በተመለከተም ከተማው ትንሽ ነው፤ ባለሙያው የዕድርዎ አባል ወይም የአንድ ደብር ምእመን ሊሆን ይችላል። ባልታሰበ ቦታ ሲገናኙ ሰላም ይባባሉ ወይስ ይተላለፉ የሚለውን እንኳ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ጸበልንና ጸሎትን ስለሚከታተሉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አደገኛ የሚሆነው ጸበል ሲገቡ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ነው። ጸበል እንደሚጠመቁ ለሐኪም፣ መድኃኒት እንደሚወስዱም ለአጥማቂው መናገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ባለሙያውን ምን ልበል ለሚል ሰው፣ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ችግሬን እርስዎ እንዴት ተረዱት? ምን ይመስልዎታል እንዳይለቀኝ ያደረገው? ምን ዓይነት ሕክምና ሊሰጡኝ አስበዋል? እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸውን ሰዎች አክመው ያውቃሉ? በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል እኔ ምን እሠራለሁ? መሻሻሌን በምን እናውቃለን?» ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይመልሳል። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1979 በባለሙያና በሕመምተኛ መካከል ያለውን ትብብር በሦስት ከፍሎታል፤ በግቡ መስማማት፣ በሥራው መስማማት፣ መተማመን። ብዙዎቻችን የምንመዝነው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ «ደስ የሚሉ ሰው ናቸው» እንላለን። እህቴ የመጀመሪያዋን አማካሪ ትወዳቸው ነበር፤ ሆኖም በሥራው ላይ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

መሻሻል በስሜት ብቻ ባይለካ ይመረጣል። ለድባቴ ፒኤችኪው ዘጠኝ የሚባል የዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፣ በአማርኛ ተተርጉሞም በኢትዮጵያ ተፈትኗል። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ሞልቶ ነጥቡን ማስተያየት ይቻላል። ከአምስትና ስድስት ቀጠሮ በኋላ ነጥቡም ኑሮውም ካልተነቃነቀ ስለ ሕክምናው ዓይነት እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል። ቶሎ ለውጥ የማይጠበቅባቸው ሕክምናዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነርሱን የሚሰጥ ባለሙያ ግን ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። የእኛ ሰው ባለሙያው «እንዴት ነህ፣ ተሻለህ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» ይላል፤ ደክመውልኛል ቅር አይበላቸው ብሎ ነው። ባለሙያውም ሕክምናው የሠራ መስሎት ይቀጥላል፤ ሰውየው ግን ሁለት ቀጠሮ ይቀርና ሦስተኛው ላይ ስልኩን ያጠፋል፣ ከዚያም «ሞክሬው ነበር፣ ለእኔ አይሆንም» እያለ ለሌሎችም ያወራል። ከመጥፋት ይልቅ ፊት ለፊት መናገር ለሁለቱም ይበጃል። ለመናገር ለሚከብደው ሰው በወረቀት ጽፎ መስጠትም ይቻላል፤ «እስካሁን ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። የመጣሁበት ችግር ግን እንደነበረ ነው። የምንሠራበትን መንገድ መቀየር እንችላለን? ካልሆነ ለዚህ ሕመም የሠለጠነ ሌላ ባለሙያ ይጠቁሙኝ።» ሲለቁም እስካሁን ምን ዓይነት ሕክምና እንደተሰጠ፣ ስንት ቀጠሮ እንደተካሄደና ምን መድኃኒት እንደታዘዘ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀጣዩ ባለሙያ ያንን ካየ ከዜሮ አይጀምርም።